የላይኛው

በዚህ ወበቅ አገር፣ በሽምብጥ ሐይቁ ዳር፣
አባቴ ጭስ ማውጫ አቆመ በጡብ ድርድር።
«ጉና ሥር ሳስተምር የገባኝ ብርድ አለ»
ይል ነበር፤ መንደሩ ሲስቅበት ዋለ።
እሱ ካረፈ ወዲህ አንድም እሳት አላየ፣
የእናቴን አልጋ ቦታ እንደያዘ ቆየ።

ግንበኛው የሺዋስ በማለዳ መጣና፣
መዶሻውን ገልብጦ ጡቡን አንኳኳና፦
«የታቹ ቀላል ነው፣ በግማሽ ቀን ይፈርሳል፤
የላዩን ግን ከዚያ ማን ይሸከመዋል?»
መሰላል ወጥቼ አየሁ፤ ከኮርኒሱ በላይ
አንድ ቁመት ሙሉ ጡብ፣ ከታች የማይታይ።
«አንድ ሰው ልስን አምኖ እንዲሁ ቢተወው፣
ሐምሌ ሌሊት ወርዶ አልጋውን ሰበረው።»

ስምንት ባህር ዛፍ ቆመ፣ ጣውላ ተሸከመ፤
ብረቱ ገባ፤ ሲሚንቶው ሳምንት ከረመ።
ውሃ ልኩን አየሁ፤ ውጭ ጣና ሲናወጥ፣
በብልቃጧ ውስጥ አረፋዋ ቀጥ።

የታቹ ሲፈርስ እናቴ አልወጣችም፤
ጥላሸት ለበሰች፣ አንድ ቃል አላለችም።
ማታ አልጋዋን ዘርግተን፣ ጋደም ብላ እዚያው፣
ዓይኗ ኮርኒሱ ላይ፦

«የላዩስ?» አለችኝ።
«አለ። ብረት ይዞታል።»
«እሰይ» አለች ዞራ፣
«እኔስ ደክሞኝ ነበር።»