የሐሙስ ዓምድ

በሐሰት ስም ይዞ የጥግ ጠረጴዛ፣
ቀማሽ ኤሊሴኦ ጽፏል፣ ቃል ሳያበዛ፤
በቫልፓራይሶ ወደብ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ወጥ ቤቶች ሐሙስ ጠዋት «ምን አለ?» ሲሉ።

ስለ ቲያትር ጽፏል፣ ስለ ሥዕል ጽፏል፤
ሰው ግን የሾርባዋን ነገር ያስታውሳል፤
«ዓሣው በድስቱ ደጅ አልፎ ሄዷል» ብሎ
አንዲት መስመር ጻፈ፤ ከተማው ሳቀ ተከትሎ።
የኦርቴንሲያ ቤት በወሩ ተዘጋ፤
ዛሬ ጫማ ይሸጣል፣ በቅናሽ ዋጋ።

በሰኔ ብርድ ጉንፋን ይዞት ሲነሣ
ሎሚ ቆርጦ አሸተተ። ምንም።
ኮምጣጤ ላሰ። ምንም።
ለአዘጋጁ አልነገረም።

ሁለት ዓመት በጆሮው ጻፈ፤
የጎረቤቱ ሹካ ስንቴ እንዳረፈ፣
የቱ ሽማግሌ አጥንት እንደጋጠ፣
የቷ ሴት ሳህኗ ላይ እንዳፈጠጠ።
«ብዕሩ ረቀቀ» ተባለ። ሸለሙት።

አንድ ማታ በጓሮ በር፣ ሳህን አጣቢዋ ኒልዳ
እጇን በሽርጧ እያበሰች፣
«ጌታዬ፣ ከእርስዎ ኋላ ሰው ሁሉ ዓሣውን መለሰ፤
የእርስዎ ሳህን ብቻ ተጠርጎ ደረሰ» አለች።
ሌላ አልጨመረችም።

ሐሙስ ዓምዱ ባዶ ወጣ።

እሱ ጫማ ቤቱ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣
ድስቱ ይጣድበት በነበረው ጥግ፤
ልኩ ያልሆነ ጫማ እየለካ
«እዚህ ቤት ምን ምን ይሸታል?» ሲል ሻጩን ልጅ ጠየቀ።
«ቆዳ» አለ ልጁ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና፣
«ዝናብ የጣለ ለት ግን… እንጃ፣
ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።»