ዘበኛ የሌለው መጋዘን

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልት ከሚያልቅበት፣
መጋዘኑ አለ፣ የአፍዴራ ጨው የሚራገፍበት።
እኔ ነኝ ከሥሩ፤ ጆንያ ትከሻዬን አውቋል፣
ነጩ ብናኝ ካንገቴ ስንጥቅ ገብቶ ቀርቷል።
ማታ ስንወጣ፣ በሩ ላይ ደበላ፣
ዘበኛው ደበላ፣
ኪሳችንን ገልብጦ፣ የሸሚዛችንን ጠርዝ አራግፎ፤
አንዲት ቁንጥር አትወጣም እሱን አልፎ።
"ምነው፣ ወርቅ አደረግኸው!" እለዋለሁ ሁልጊዜ፤
አይስቅም። እጁን ብቻ ይሰዳል ወደ ኪሴ።

ልጁ በተወለደ በአሥረኛው ቀን ጡት እምቢ አለ።
በማግሥቱ የጠባውን ሁሉ ተፋ።
ሽንቱን ግን ይሸናል። ይሸናል። ይሸናል።
(እኛማ ጨርቁን ስናጥብ "ጤነኛ ነው" ብለናል።)
በአሥራ ሁለተኛው ቀን እርግብግቢቱ ሰረጎደ፣
ክብደቱ ከተወለደበት ወረደ።
እትዬ ወርቅያንሱ "እንጥሉ ነው" አሉ፣
"ገላን የሚቆርጥ አለ፤ እጁ ቀላል ነው፣ ዛሬውኑ ሂዱ።"
ትርንጎ መልስ አልሰጠችም፤
ልጁን አቅፋ ባጃጅ ገባች፣
ግራና ቀኟ የተለያየ ጫማ ተጫምታ።

ዶክተር ሌንሴ ወረቀቱን አየች፤ ዝም አለች፤ ደግማ አየች።
"ጨው ከደሙ እያለቀ ነው፣" አለች፣ "በሽንቱ እየፈሰሰ።"
ጨው?
ዛሬ ብቻ ስድሳ ኩንታል ያወረደ ሰው፣
ልጁ የጎደለው ጨው?

"ከኩላሊቱ አናት ቆብ የመሰለች እጢ አለች፤
'ያዘው፣ አትልቀቀው' ብላ በደም መልእክት ትልካለች።
አልዶስቴሮን ይባላል መልእክቱ። የእሱ እጢ መሥራት አልቻለችም።"
ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፤ ምላሴ ላይ አልቆም አለኝ።
ከዚያ ገባኝ፦
ልጄ ዘበኛ የለውም።
መጋዘኑ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣
የገባው ሁሉ ይወጣል፣ ፈታሽ አጥቶ።

አሁን ዘበኛው ክኒን ነው።
ትርንጎ በምላጭ ለሁለት፣ ደግሞ ለሁለት ትከፍለዋለች፣
ብናኙ እንዳይበር ትንፋሿን ይዛ።
ጨውም አለ፣ ውሃ ውስጥ ሟምቶ፣
መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ተለክቶ።
"ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ይባል የለ?
እኔ ግን ሲሪንጁን ወደ መብራቱ አንስቼ፦
ጨው ሆይ፣ መጣፈጡን ተወው፤
ትንሽ ቆይልኝ፣ እዚህ ቤት እንግዳ አለ።

አርባው ገና ነው። ክርስትና አልተነሳም፣ ስም አልወጣለትም።
ዛሬ ሥራ ገባሁ።
ማታ በሩ ላይ እጆቼን አነሳሁ፤
ደበላ የቀኙን ኪስ ፈተሸ። የግራውን።
"እለፍ" አለኝ።
አላለፍኩም።
"የኋላ ኪሴን አላየህም" አልኩት።