ቅቤ የሚሸት ዓረፍተ ነገር

ከዚራ ነው ሱቄ፣ ኒሙ ካጠላበት፣
ውል፣ ክስ፣ ውክልና ስተይብ ምውልበት።
አቶ ዑመርዲን መጡ፣ በሰኔ፣ በቀትር፣
በፌስታል ጠቅልለው አራት ወፍራም ደብተር።
የሽመንደፈር ቴሌግራፈኛ ነበሩ፤
እሳቸው ጡረታ ቢወጡም ጣታቸው አልወጣም፣
ጠረጴዛዬን ሲነካ ዝም ማለት አይችልም፤
ነጥብ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ።

«የጃፓን ልብ ወለድ ነው፤ ከፈረንሳይኛው መልሼ፣
አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ፣ ከእንቅልፌ ቀንሼ፣
አቦ፣ ከጫቴም ቀንሼ።»

መጽሐፉን ያገኙት ፉርጎ ውስጥ ነው፣ ሰው ረስቶት፣
ወይ ሰልችቶት።
ሽፋን የለውም። ገጽ አርባ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አለ።
ደራሲዋ ኩራታኒ ትባላለች፤
አባቷ የመርከብ ሰዓት ሲጠግን
የወደብ ቋንቋ ለቅማ አደገች።

ጀመርኩ። ጠበቅኩ። ሰይፍ የለ፣ ኪሞኖ የለ፣
የሚያብብ ዛፍ እንኳ አንድም አልታየ።
ትካዜው ከሩሲያ፣ ዝናቡ ከአየርላንድ፤
እየለዩ ነገሩኝ፣
የፉርጎ ጭነት እንደሚቆጥር ሰው፣ አንድ በአንድ።
ዓረፍተ ነገሯ አጭር ነው፣ ደረቅ፣
እንደ ደቻቱ አሸዋ፤
ምንም የለበትም ብለሽ ትተኛለሽ፣
ሌሊት ውሃው ይመጣል።
የማንንም መልክ አትናገርም፣ ጫማውን ትናገራለች።
ምዕራፍ ሲያልቅ ሁልጊዜ በር ይንኳኳል፤
ማን እንደመጣ ሳትነግረን ትሄዳለች።

«ታዲያ ጃፓኗ የታል?» አልኳቸው።
በአገጫቸው መንገዱን አሳዩኝ፤
ሽንኩርት የጫነች ቶዮታ፣ ከኋላዋ ባጃጅ።
«አንቺስ ድሬን ከዚህ ውስጥ ለይተሽ አምጪልኛ!
ሙሽበኩ የየመን፣ ጣቢያው የፈረንሳይ፤
ግሪኩ የሠራው ሰገነት ላይ
የሶማሌ ድሪያ ተሰጥቶ ሲደርቅ እይ።»

አንድ ገጽ ግን አሰቃያቸው።
በልብ ወለዱ ውስጥ አንዲት ጸሐፊ አለች፤
«ጽሑፍሽ ቅቤ ቅቤ ይሸታል» ይሏታል ሐያስያኑ፣
የባዕድ ጠረን አለብሽ ማለታቸው።
«በምን ልተርጉመው?» አሉኝ።
«እኛ ዘንድ ቅቤ የሚሸት ሙሽራ ነው!
ስድቡ በአማርኛ ምርቃት ሆኖ ወጣ፣
ሦስቴ ሰረዝኩት፣ ሦስቴ ተመልሶ መጣ።»
ዝም ብለን ተያየን። ማራገቢያው ዞረ፣
መብራት ጠፋ፣ ቆመ፤ ቅቤው እንዳለ ቀረ።

ጥራዙ ከአዲስ አበባ፣ ከአሳታሚው ተመልሶ
መጣ በጥቅምት፣ በቀይ እስክሪብቶ ታርሶ።
ከ«ፉርጎ» በላይ፦ ሠረገላ አይሻልም?
ከ«አቦ» ጎን፦ ጃፓናዊ እንዲህ አይልም።
በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ፦
«ጃፓንነቱ አልታየኝም። አማርኛውም፣ ይቅርታ፣
ድሬ ድሬ ይሸታል።»

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።
መነጽራቸውን አወለቁ።
አዘኑ ብዬ ውሃ ልቀዳ ስነሣ
ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ለካ እየሳቁ!
«ሙሽራ አደረገኝ» አሉ፣ «ሰማሽ?
አሁን ገና በትክክል ተረጎምኳት።»

ቀዩን አልነካነውም። ሠረገላም አልገባ።
ማታ፣ ሙቀቱ ከግንቡ መውጣት ሲጀምር፣
ጠፍታ የነበረችውን የመጨረሻ ገጽ እንደገና ተየብኩ፣
እሳቸው ከፈረንሳይኛው እያነበቡልኝ፦
ሴትዮዋ መብራቷን ታጠፋለች።
ጫማዋ ቡናማ ነው፣ የአንዱ ማሰሪያ ተፈቷል።
ባቡር ካቆመበት ሐዲድ በኩል
የሆነ ድምፅ ይመጣል።

ጣቶቻቸው ቆሙ።
ነጥብ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፤
አሁን ግን ከውጭ ነው፣
የሱቄ በር ላይ።