ቀን መስታወት፣ ማታ መስኮት

በነሐሴ አዳና አስፋልቱ ይቀልጣል፣
ድመት እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ ያመልጣል።
ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ ስምንት ፎቅ በእግሬ፣
የላስቲኩን ጥቅል በጀርባዬ አስሬ።
ወይዘሮ ነዚሄ በሩን ከፈቱልኝ፤
የጨለማ ሽታ ከውስጥ ተቀበለኝ።

ስድስት በጋ ሙሉ ተዘግቶ መጋረጃው፣
በቀትር በአምፖል ነው የሳሎን መሄጃው።
“ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ” አሉ ቁጭ ብለው፣
የመብራት ደረሰኝ በየወሩ ደርድረው፤
“ሐምሌ ይህን ያህል፣ ነሐሴ ደግሞ ይኸው፤
ማቀዝቀዣው ሲያጓራ ጡረታዬን በላው።
ልጄ፣ አታባብለኝ፤ አስረዳኝ በቁጥር፤
ይህ ስስ ላስቲክህ ስንት ነው የሚያስቀር?”

ኪሴ ውስጥ ነበረ የመቶኛ መዓት፤
አላወጣሁትም። “እጅዎን” አልኩ “እዚህ፣ መስታወቱ ላይ ያኑሩት።”
ነኩት። ወዲያው ሳቡት።

ቁምሳጥኑን ገፋን መስኮቱ እንዲለቀቅ፤
ከሥሩ ቀይ ወጣ፣ እንደ ሮማን ፍልቅልቅ።
የቀረችው ምንጣፍ ሻይ ውኃ መስላለች፤
ፀሐይ ቀን በቀን ልሳ ቀለሟን ጨርሳለች።
“ረስቼው ነበር” አሉ “ቀይ መሆኗን፣
እናቴ ስትሠራት ያየሁትን ቀለሟን።”

ሥራዬ እንዲህ ነው፤ ሳሙና ውኃ ትረጫለህ፣
ላስቲኩን ከልጣጩ በጥፍር ትለያለህ፣
እንደ እርጥብ አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘህ
ትንፋሽህን ውጠህ መስኮት ታለብሳለህ፤
ከዚያ በጎማ መግፊያ፣ ከመሃል ወደ ዳር፤
አንዲት አቧራ ከገባች ግን፣ በቃ፣ ሌላ ዙር።
ማራገቢያው ጠፋ፣ ብናኝ እንዳይበን፤
ወይዘሮዋ በፎጣ ጠረጉልኝ ላቤን።

“መሬት ስትናወጥ” አሉኝ “አንድ ሌሊት፣
ስባሪ ዘነበ በባሌ አልጋ ፊት፤
ጠባሳውን ይዞ አፈር ገባ ሻኪር።”
“ይህስ” አልኩ “ቢሰነጠቅም፣ ብዙው ተያይዞ ነው የሚቀር።”
ዝም አሉ። እኔም ዝም።
ጎማው ብቻ ሲጢጥ ይላል።

አሥር ሰዓት ሆነ፤ ፀሐይ መጣች በምዕራብ፣
ሳታንኳኳ ልትገባ፣ ሶፋ ላይ ልትሰበሰብ።
ብርሃኗ ገባ፤ ንዴቷ ውጭ ቀረ፤
የመምህርቷ መዳፍ መስታወቱን ሞከረ፤
ለብ ይላል እንጂ አይገርፍም።
መጋረጃው ሸሸ፤ ሴይሃን ታየች ከታች፣
የድንጋዩን ድልድይ ተንተርሳ እንደተኛች።
“ስድስት ዓመት” አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ማግስቱን በጠዋት ስልኬ ጮኸ።
“ልጄ፣ ሙአላ ተቀየመችኝ፣ ምን አደረግኸኝ?”
ሙአላ ከማዶ፣ በረንዳ ላይ ናት ጎረቤት፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አበባ ስታጠጣ በጠዋት፣
ከማድ ቤቱ መስኮት እጅ ይነሳሳሉ።
“ዛሬ ስታውለበልብ ያየችው ራሷን ነው፤
‘ነዚሄ ሞታ ይሆን’ ብላ አልቅሳለች ይኸው!”

ለደንበኛ ሁሉ እነግር ነበር ይህን፤
ለእሳቸው ረሳሁት፣ ቀይዋ ወስዳው ልቤን።
ብርሃን የበዛበት ወገን ራሱን ያያል፤
ሲመሽ ይገለበጣል፣ የውስጡ ይታያል።
ለሌላው ደንበኛ ማስጠንቀቂያ ነው ይሄ፣
“ሲመሽ ይጋርዱ” ነው፤ ለወይዘሮ ነዚሄ
ግን፣ “ሲመሽ” አልኳቸው፣ “መብራትዎን ያብሩ።”

ወር ቆይቶ ደረሰኝ መጣ። በእርሳስ አሰመሩበት፤
“ዋጋህ የሚመለሰው” አሉ “በሦስተኛው በጋ፣ ምናልባት።
ግን ቁምሳጥኑን ወደ ቦታው አልመለስኩትም።”

ትናንት ማታ በዚያው ሳልፍ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ
ስምንተኛውን ፎቅ አየሁ፣ ሞተሬን ጥግ አስጠግቼ፤
ማድ ቤቱ በርቷል። ማንኪያ የያዘ እጅ ከላይ፣
ከማዶ ሌላ እጅ፤ የጠዋቱ ሰላምታ ማታ ላይ።
በግራ ጥግ በኩል አንዲት አረፋ ቀርታለች፤
ከታች አትታይም።
እኔ ግን የት እንዳለች አውቃለሁ።