በጆሮ ያየ ሰው

ጥቅምት ነው፣ ግሮኒንገን፤ ዝናቡ በአግድም ይሄዳል፣
ብስክሌት ነጂው ሁሉ አጎንብሶ ነፋስ ይገፋል።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሹክየ መብራቷን አላጠፋችም፣
ሻይዋም ቀዝቅዟል፤ አልጠጣችም።

ክብ ትስላለች፤ ለአንድ ቃል አንድ ክብ ይበቃል፤
ከክብ ወደ ክብ ቀስት ይወረወራል።
የተመታ ይወድቃል፤ ደንቡ ይኸው ነው፣
መቺውን ሌላ መቺ እስኪመታው፤
ያኔ የወደቀው አቧራውን አራግፎ ይቆማል፤
አበው እንዳሉት ነው፣ ነገርን ነገር ያነሣዋል።

ማሽኗ ይህን ታውቃለች። ጠበቃ አይደለችም፣
«በላ ልበልሃ» ብላ ኩታ አላጣፋችም፤
ግን ከሳሽን ከተከሳሽ አፍ ለአፍ ታጋጥማለች፣
ማን ቆመ፣ ማን ወደቀ፣ ቆጥራ ትናገራለች።

ዛሬ ያስገባችላት የቻሊንግን ጉዳይ ነው፤
ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ዐይኑን ሞራ የጋረደው፣
ከከተማ ወዲያ፣ ግድቡ ሥር፣ ስድስት ቀፎ ያለው።

በግንቦት፣ በቀትር፣ ከአንዱ ቀፎ መንጋው ነቅሎ ወጣ፤
ቻሊንግም ከኋላ፣ በትር በእጁ፣ ያለ ባርኔጣ።
ሁለት ቦይ ተሻገረ፣ አንዱን በድልድይ፣ አንዱን በእግሩ፤
ድንች ማሳ ረገጠ፤ በሬንስከ አጥር ተቧጨረ ግንባሩ።
መንጋው ከፖም ዛፏ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል፤
እሷም በሣጥን ተቀብላዋለች።
«የኔ ነው» ትላለች። «የኔ ነው» ይላል።

የጥንት ሮማውያን ያኖሩት ሕግ አለ፤
የሸሸ ንብ ያንተ ነው፣ ከዐይንህ እስካልተከለለ።

ማሽኗ ጠየቀች፦ አይቶታል?
አላየውም። ከሁለት ክንድ ማዶ ዓለም ለሱ ጉም ነው።
ቀስት ተወረወረ። የቻሊንግ ክብ ወደቀ።
አንድ ሴኮንድ አልፈጀም።

ሹክየ የተቀዳ ቃሉን መልሳ አዳመጠች።
«እንዴት ተከተልካቸው?» ተባለ። ሳቀ፤ ሳል አቋረጠው።
«በጆሮዬ ነዋ! እንዲህ የሚያዜም መንጋ እንዴት ይጠፋኛል?
የገዛ ቋንቋሽን አታውቂም ልጄ? ሆረን ማለት መስማት ነው፤
ሆረን ማለት ደግሞ የሰው መሆን፣ የባለቤቱ መሆን ነው።
የሰማሁትማ የኔ ነው።»

ማሽኗ ቃሉን ለሁለት ሰንጥቃ አንዱን ጣለች፣
«የቃላት ጨዋታ፤ ክብደቱ ዜሮ» አለች።
እኔ በምጽፍበት ቋንቋም ችሎት ጉዳይ «ያያል» ይባላል፤
ሲያየው ግን ዳኛው ዐይኑን ጨፍኖ፣ አገጩን ይዞ ይሰማል።
ይህን ለማሽኗ ማን በነገራት!

ሹክየ ሌላ ክብ ሣለች፦ ሕጉ «ዐይን» ለምን አለ?
የተወና ያልተወ እንዲለይ፤ ያልተወ ሰው ካለ፣
ዐይን ይሁን ጆሮ፣ ገመዱ አልተበጠሰም።
ሬንስከ በማሽኗ አፍ መለሰች፦ የማይታይ ገመድ ማንንም አላሰረም፤
ድምፅ የመንደሩ ሁሉ ነው፣ የኔም ጆሮ ሰምቷል፤
በሰማ ሁሉ ከሆነማ፣ አጥሬን ማን ያከብረዋል?

ቀስት ከወዲህ፣ ቀስት ከወዲያ፣ እኩል ተወረወረ፤
አንዱ አንዱን ጣለ፤ ጣዩም በጣለው ተሰበረ።
ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ማሽኗ መልሷን ሰጠች፦
ሁለት ዓለም። በአንዱ ቻሊንግ ቆሟል፤ በሌላው ሬንስከ ቆማለች።
አንዱም ከራሱ አይጣላም።
ምረጪ፤ ከዚህ ወዲያ የኔ አይደለም።

ሹክየ አልተናደደችም፤ እንዲያውም ወደደቻት፣
የማታውቀውን አላውቅም በማለቷ ኮራችባት።

ቅዳሜ በብስክሌት ወደ ግድቡ ወረደች።
ሣጥኑ ከፖሙ ሥር ነው፤ ንቦቹ ለብርዱ ተቃቅፈዋል።
በመሸ ቁጥር ሽማግሌው ይመጣል፣ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፤
ሬንስከም ወንበር ታወጣለታለች።
አታናግረውም። ክሱም አልተነሣም።
ዝናብ ሲጥል ወንበሩን ወደ ግድግዳው ታስጠጋዋለች።

ሰኞ ጠዋት ሹክየ ለወንበሩ ክብ ሣለችለት።
ቀስት ከማንም አልመጣበትም፣ ወደ ማንም አልሄደለት።
ማሽኗ «ቆሟል» አለች።
ለማን እንደቆመ ስትጠየቅ ግን፣
ጠቋሚው መስመር ብልጭ ድርግም እያለ ቀረ።