የሰው እጅ

ሐምሌ ሲጠነክር ደብረ ማርቆስ ላይ፣
ጉም በር ላይ ሲቆም፣ ጎረቤት ሳይታይ፣
ከሰል አስገብተን በሩን እንዘጋለን፣
የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ እንደፍናለን፤
«ተመስገን፣ ቤት ሞቀ» እንባባላለን።

መሞቁስ ሞቀ እንጂ፣
ስንዱ ግን ስታስል ይነጋል ሌሊት፤
ሲጥ ሲጥ ይላል ደረቷ፣ እንዳረጀ መስኮት።
ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ሽሮፕ ሰጡን፣ አለቀ።
ደግመን ወሰድናት፤ ጠርሙሱ ደረቀ።
ነርሷ ካርዱን ሞልታ ቀና ብላ አየችኝ፦
«ቤታችሁ በየት ነው የሚተነፍሰው?» አለችኝ።
ሳቄ መጣ። ቤት ሳንባ ያለው ይመስል።

ማታ ተጋድሜ ጣራ ጣራ ሳይ፣
ነጭ ያልነው ኮርኒስ ጥላሸት ሆኗል ወይ!
ድሩ እንደ ከል ልብስ ክር ተዘልዝሎ ወርዷል፣
ባለቤቱ ሸረሪት ከርሞ ተሰዷል።
ጥጉ ላይ አባቴ ያቆመው ቱቦ አለ፣
ኖራ በኖራ ሆኖ ግድግዳ የመሰለ፤
እናቴ ካረፈች፣ ምድጃው ከፈረሰ፣
ማን ቀና ብሎ ያየው? ማን እጁን አደረሰ?

ምንይችልን ጠራሁት፣ ቆርቆሮ ሠሪውን፣
መናኸሪያው ጀርባ ሱቅ የከፈተውን።
አፍ አፍንጫውን በሻሽ ጠቅልሎ ወጣ፣
ቱቦውን በጣቱ መታ፣ መታ፣ መታ፣
ጆሮውን አስጠጋ።
«ሙሉ ነው» አለኝ ከመሰላሉ ላይ፣
ራጅ ያየ ሐኪም የሚናገር መሳይ።

ሽቦ ሰደደ፣ ጎተተ።
መጀመሪያ ጥቀርሻ፣ ደረቅ፣ እፍኝ በእፍኝ፣
ቦኖ ቦኖ ወርዶ ዓይኔ ውስጥ የገባብኝ፤
ከዚያ የወፍ ጎጆ፣ የጤፍ ጭድና ላባ፣
ፌስታል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የረገፈ አበባ፣
የተርብ ቤት፣ ባዶ፣ እንደ አሮጌ ደብተር፤
አንድ የደረቀ አይጥ። (ትሁን አማተበች ከበር።)
ከዚያ ሽቦው ያዘ። አልመጣ አለው።
«ጨርቅ ነው» አለ፣ «ወፍ አይደል፤ ይሄ የሰው እጅ ነው።»

በጥ አለ መሬት ላይ። አንስቼ አራገፍኩት።
ሹራብ ነው፤ የተማሪ ሹራብ። አወቅኩት።
አረንጓዴ ነበር። ክርኑ ላይ ጥፌት አለ፣
በቀይ ክር፣ አረንጓዴው ከሱቅ ስለጎደለ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ። በረዶ ጣራውን ሲወቃ፣
በቱቦው ነፋስ ሲያፏጭ ከእንቅልፌ ስነቃ፣
ጅብ መሰለኝ።
ወንበር በወንበር ላይ ደርቤ ወጣሁ፣
ሹራቤን አውልቄ ጉሮሮው ውስጥ ወተፍኩ።
ዝም አለ።
ጠዋት «ሹራብህስ?» ስትለኝ፣ «ሰረቁኝ» አልኳት፤
ትምህርት ቤት ሄዳ ዘበኛውን ሰደበችው፣ በእኔ ውሸት።
ጭሱ ቤት ሲመለስ «ነፋሱ ነው» አለች፣
በመቀነቷ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች።

እናቴ እያሳለች ነው የሞተችው።
ሳሉ የመጣው ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው? ከዚያ በፊት?
ሐኪሙ አልነገረኝ። እኔም አልጠየቅኩት።
የሚጠየቅ ነገር መኖሩን መቼ አወቅኩት?

ምንይችል ይህን አያውቅም። ቆብ ገጠመለት፣
ወፍ እንዳይገባበት ወንፊት አሰረለት፣
«ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ጥረጉት» አለና
ሃምሳ ብር ቀንሶ፣ መሰላሉን ይዞ ወረደ በጎዳና።

አሁን ቤቱ ይበርዳል። ከሰሉም ደጅ ቀርቷል፤
በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ፣ በዚያ ላይ ካፖርት ተደርቧል።
ሌሊት ነፋስ መጣ። ቱቦው አፏጨ።
ስንዱ ነቃች፦ «አባባ፣ ጅብ ነው?»
«አይደለም፤ ቤቱ ነው። እየተነፈሰ ነው።»
አዳመጠች። ተገላበጠች። ተኛች።
አላሳለችም አልልም፤ ሁለቴ አስላለች።

ሹራቡን ትሁን በሦስት ውሃ አጠበችው፤
ሦስተኛውም ጠቆረ።
ገመድ ላይ ሰጣችው።
አረንጓዴው አልተመለሰም፤
የእናቴ ቀይ ክር ግን አልለቀቀም።