ሁለት ሰከንድ

ላይፕዚግ ነው። ቤቱ አምስት ፎቅ፤ ሊፍት አያውቅም፤
እኔ ከጣራው ሥር፣ ጋሽ ሎታር ከምድር፤ ጉልበቱ ደረጃ አይደፍርም።
«ጋሽ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን ነግሬው ወዶታል፤
በሩ ላይም ከስሙ በፊት በእርሳስ ጽፎታል።

አንድ ቀን በፖስተኛዋ እጅ ሣጥን ሙሉ ካሴት ላከልኝ፤
«ማጫወቻዬ ሞተ፤ አንቺ ኮምፒውተር አለሽ» የሚል ወረቀት አስያዘልኝ።
ኅዳርን በሙሉ ካሴት ስገለብጥ ከረምኩ፤
የተጠመጠመ ክር በእርሳስ እያዞርኩ።
የትራም ደወል፣ የበረዶ አካፋ፣ የገበያ ሁካታ፤
ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርና፣ ሰው ቴምብር ሲሰበስብ
እሱ ድምፅ ነው የሰበሰበው፣ ማታ ማታ።

ከዚያ አሮጌ ስልኬን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀውን፣ ሰጠሁት፤
እኔ ጋ የሚጫወተውን በዋይፋይ ወደ እሱ አወረድኩት።
«ገመዱስ?» አለኝ። ገመድ የለውም። ስልኩን ገልብጦ አየው፤
እንደ ሐሰተኛ ብር ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ መረመረው።

«መልሱ ግን በእኔ ገመድ ይሁን» አለና ማንኪያ አነሣ፤
የማሞቂያው ቧንቧ አለ፣ ከእሱ ጓዳ እስከ እኔ ጣራ የሚነሣ።
አንድ ጊዜ ኳ ካለ «ይሰማል»፤ ሁለቴ «ተቆራረጠ»፤
ሦስቴ፣ «ድምፁን ጨምሪ፣ ጆሮዬም ጉልበቴን ተከትሎ አመለጠ።»

ግን ድምፁ ከእኔ ተነሥቶ እሱ ጋ እስኪደርስ
ሁለት ሰከንድ ይዘገያል። ብቀንስ፣ ብጨምር፣ ባፈርስ
ያው ሁለት። እኔ ጋ ትራሙ ቆሞ በሩን ሲከፍት
እሱ ጋ ገና ድልድዩ ላይ ነው፤ መዞሪያው ይቀረዋል ከፊት።
ቧንቧው ብቻ አይዘገይም። ብረት ነው፤
መልእክት አያሳድርም፤ ወዲያው ነው።

ታኅሣሥ ላይ አሥራ ዘጠነኛውን፣ ስም ያልተጻፈበትን፣ ከፈትኩ።
ሴት ናት፤ ሹራብ እየሠራች ትቆጥራለች። ኳታውን ጠበቅኩ።
ኳ አላለም።
አንዴም፣ ሁለቴም።

በካልሲ ወረድኩ፣ በሬን ሳልዘጋ።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከሁለት በኩል ሰማኋት፤ ላይም እኔ ጋ፣ ታችም እሱ ጋ፤
ከላይ ሠላሳ ስምንት ስትል ከታች ገና ሠላሳ ስድስት፤
አንዲት ሴት ራሷን ስትከተል፣ በአንድ ደረጃ፣ በአንድ ሌሊት።

በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሽ ሎታር ማንኪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣
ስልኩን እንደ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጁ ሸሽጎ፣
ያንኑ ክርኑ ያለቀ ግራጫ ሹራብ ለብሷል፤
ከንፈሩ አብሯት ይቆጥራል።

ከላይ፣ በተከፈተው በሬ፣ ሳቅ ያፈነው ድምፅ መጣ፤ «ሎታር፣ አጥፋው!»
ቀጭ። ካሴቱ አለቀ። እኔ አወቅሁ፤ እሱ ግን አላወቀው።
ጣቱን አነሣብኝ፤ ዝም በይ፣ እየቆጠረች ነው። አልነገርኩትም።
እሱ ጋ ገና አልጠራችውም፤
ገና አርባ አንድ ላይ ናት።